ከሰልፉ በፊት ያሉት ቀናት
በፖሊስና በእስር ቤት እጅ የሞቱ ሰዎች ቤተሰቦች በየጥቅምቱ ለንደን ላይ ከትራፋልጋር አደባባይ እስከ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት፣ ዳውኒንግ ስትሪት፣ ሰልፍ ያደርጋሉ፤ ስለዚህ ሰልፍ የተጻፈው ጽሑፍ ጥሩ ነው። ሰው ከሞተ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቤተሰቡ ምን ማድረግ እንዳለበት ግን አልተነሳም። አስከሬኑ ሳይቀበር ጠበቃ ይዞ በገለልተኛ ሐኪም ሁለተኛ ምርመራ እንዲደረግ ኮሮነሩን (የሞት ምክንያት የሚያጣራውን የፍትሕ ባለሥልጣን) መጠየቅ ያስፈልጋል። የካሜራ ምስል፣ የእስር መዝገቡና የሟቹ ልብስ እንዲጠበቁም ወዲያው በጽሑፍ ይጠየቅ፤ ምስል ሌላ እየተቀዳበት ይጠፋል።

ሾን ሪግን እዩ። እ.ኤ.አ. በ2008 ብሪክስተን ፖሊስ ጣቢያ ሞተ። የፖሊስ ቅሬታ አጣሪው ኮሚሽን ጥፋት አላገኘም፤ በ2012 ግን የኮሮነር ችሎቱ ጁሪ (ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች)፣ ፖሊሶቹ አላስፈላጊ ኃይል መጠቀማቸው ለሞቱ አስተዋጽኦ እንዳደረገ ወሰነ። ቤተሰቡ ማስረጃ ፍለጋ ባይደክም ኖሮ እዚያ አይደረስም ነበር። ይህም ሆኖ በ2019 የዲሲፕሊን ችሎቱ ፖሊሶቹን ነፃ አለ፤ ከ10 ዓመት በላይ ከጠበቁ በኋላ!