ከሐማጊር በረሃ እስከ እንጦጦ

ፓሪስ አጠገብ ለ ቡርዤ ላይ የአውሮፕላንና የጠፈር ሙዚየም አለ። ሰሞኑን ልጄን ይዤ ሄጄ ነበር። ዲያማን የተባለው የፈረንሳዮች የመጀመሪያ ሳተላይት አምጣቂ ሮኬት ጋ ስንደርስ አንድ አዛውንት ለልጅ ልጃቸው እያስረዱ ነው። ልጁ "ሳተላይቷ አሁን የት ናት?" አላቸው። በጣታቸው ወደ ጣሪያው አሳዩት። "አሁንም ትዞራለች።"

እውነታቸውን ነው። ሳተላይቷ አስቴሪክስ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 26 ቀን 1965 ከአልጄሪያ በረሃ፣ ከሐማጊር መጠቀች። ፈረንሳይም ከሶቭየት ኅብረትና ከአሜሪካ ቀጥላ ሳተላይት በራሷ ሮኬት ያመጠቀች ሦስተኛ አገር ሆነች። ግን አንቴናዋ ተጎድቶ ስለነበር ወዲያው ድምጿ ጠፋ።

እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በአሥረኛው ቀን ኤፍ አር 1 የተባለች የምርምር ሳተላይታቸው ወጣች፣ ያውም በአሜሪካ ሮኬት፣ ከካሊፎርኒያ። በፌብሩዋሪ 1966 ዲያፓዞን የተባለችውን ሳተላይት ከሐማጊር ላኩ። በዓመቱ ዲያዴም 1 ወጥታ የታሰበላት ከፍታ ላይ ሳትደርስ ቀረች፤ በሳምንቱ መንትያዋን ደገሙ። ሁለቱም ሩብ ኩንታል ጤፍ አያህሉም፣ እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ ገደማ ናቸው። መስታወት ተገጥሞላቸዋል። ከምድር የሌዘር ብርሃን ይላክና መስታወቱ ሲመልሰው የፈጀው ጊዜ ተለክቶ ርቀቱ ይሰላል፤ በዚህ ነው የምድርን ቅርጽ በትክክል ማወቅ የተቻለው። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣችው ሳተላይታቸው ስታርሌት ደግሞ ከእግር ኳስ ብዙም አትበልጥም። ባትሪ ስለሌላት የሚያልቅባት ነገር የለም፣ ዛሬም ይለኩባታል።

እዚህ አበሻ ሲሰባሰብ የእኛዋ ሳተላይት ከተነሳች ክርክር አይቀርም። ኢቲአርኤስኤስ 1 ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ስትመጥቅ እንጦጦ ላይ ሰው ገና በማለዳ ተሰብስቦ በቀጥታ ሲያይ ነበር። "ቻይና ከፍላ፣ ቻይና አስወንጭፋ ምኑ ነው የእኛ?" የሚል ሰው ሁሌም አለ። እኔ በዚህ አልስማማም። ኤፍ አር 1ም በሰው ሮኬት ነው የሄደችው፣ ፈረንሳዮች ግን የእኛ አይደለችም ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው፤ እሷን የሠሯት ራሳቸው ናቸው፣ ውስጧ ያለውን እያንዳንዱን ሽቦ ያውቁታል። የእኛ ልጆች ከቻይኖቹ ጋር ሆነው ተምረዋል፣ መቆጣጠሪያ ጣቢያውም እንጦጦ ነው። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም፣ ግን ገና ጅምር ነው።

ለዚህ ነው በምረቃው ቀን ጭብጨባ ላይ ስንቆም የሚከፋኝ። የእርሻ መሬት ፎቶ ታነሳለች ተብሎ ነበር። ፎቶው የትኛው ወረዳ ደረሰ? የተማሩት ልጆችስ ዛሬ ቀጣይዋን እየነደፉ ነው ወይስ ሥራ ፍለጋ እንደኔ ወጥተዋል? ክረምት አገር ስገባ፣ ከፈቀዱልኝ፣ እንጦጦ ወጥቼ ይህንኑ እጠይቃለሁ።