ገደሉ አጥር የለውም፣ ሐይቁ ግን ታጥሯል

ሐዋሳ ከገባን ወዲህ እኔና ባለቤቴ ደጋግመን የምናነሳው ወሬ አለ። የውሃ ዳር የማን ነው? እሷ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት። እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። ኑሯችን ለንደን ነው። ወሬው የተጀመረውም እዚያ፣ ነሐሴ ላይ ባህር ለማየት የሄድን ቀን ነው።

ከቪክቶሪያ ጣቢያ በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ተጉዘን ኢስትቦርን የምትባል የባህር ዳር ከተማ ወረድን። ከዚያ በእግር ሽቅብ ነው። ቦታው ቢቺ ሄድ ይባላል። ከባህሩ 162 ሜትር ከፍ ይላል፤ በብሪታንያ ባህር ዳር ካሉት የጠመኔ ገደሎች ረጅሙ ነው። ንጣቱ ዓይን ይወጋል። ከሥሩ፣ ባህሩ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1902 ሥራ የጀመረ ቀይና ነጭ የመብራት ማማ ቆሟል።

ባለቤቴ ግን መጀመሪያ ያየችው ሌላ ነገር ነው። «አጥር የለውም እኮ!» አለች፣ ክንዴን ጨብጣ። እውነትም የለውም። ጠርዙ ድንገት ሊናድ ስለሚችል ራቁ የሚል ምልክት አለ። ከዚያ ወዲያ ሣር ነው፣ ከሣሩ ወዲያ ሰማይ። ትኬት የለም። «ወዴት ነው?» የሚል ጥበቃ የለም። መኪና ያመጣ ለማቆሚያው ይከፍላል፤ በእግሩ የመጣ አይከፍልም። ሽማግሌው ከውሻው ጋር፣ ተማሪው ቦርሳውን አንግቦ፣ እናት ልጇን አዝላ ያልፋሉ።

ይህ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ናሽናል ትረስት የሚባል በጎ አድራጎት ድርጅት አለ፤ የተመሠረተው በ1895 ነው። በ1965 የአገሪቱ የባህር ዳርቻ በግንባታ ሳይዋጥ ለሕዝብ እንግዛው ብሎ ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመረ። ተራው ሰው አዋጣ። ዛሬ ድርጅቱ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ የባህር ዳርቻ ይጠብቃል። በ2009 የወጣ ሕግ ደግሞ በእንግሊዝ ዳርቻ ዙሪያውን የእግር መንገድ እንዲከፈት ደነገገ። አዋጥቶ ለጋራ መግዛት እኮ ለእኛም አዲስ አይደለም፤ የእድር ድንኳንና ወንበር ያለን ሰዎች ነን።

ገደሉን ይዘን ወደ በርሊንግ ጋፕ መንደር ወረድን። በመንገዳችን ላይ ቤል ቱት የሚባል አሮጌ የመብራት ማማ አለ። ባህሩ ሥሩን ሲበላው በ1999 ሕንፃውን እንዳለ 17 ሜትር ወደ ኋላ ገፉት። በርሊንግ ጋፕ ደግሞ ለባህር ጠባቂዎች የተሠሩ የተያያዙ ቤቶች ነበሩት። ገደሉ እየቀረበ ሲመጣ ከነሱ አንዳንዶቹ ፈረሱ። ጠርዙ በዓመት በአማካይ ከግማሽ ሜትር በላይ ያፈገፍጋል። ግንብ ሠርተው አላቆሙትም። ለባህሩ ለቀቁለት። እዚያ ቆሜ ብዙ አሰብኩ።

የጎደለውንም ልናገር። ነፋሱ ይገርፋል። ሰው ሰላም ብሎ ያልፋል እንጂ አብሮ አይቀመጥም። ይዘን የሄድነውን ሳንድዊች ሁለታችን ብቻችንን በላን።

የሐዋሳው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ግን ሌላ ዓለም ነው። ጠዋት ጀልባዎቹ ሲደርሱ ቆሮሶው፣ አምባዛው ይዘረገፋል። ልጆቹ ዓሣ ሲገፍፉ እጃቸው አይታይም። አባ ኮዳ የሚሉት ትልቁ ወፍ አጠገባቸው ቆሞ ድርሻውን ይጠብቃል። እኛ ሾርባ አዘዝን። አጠገባችን የነበሩት ሰዎች ጥሬውን በዳጣ እየበሉ ነበር። «ቅመሱ እንጂ!» ብለው ሳህናቸውን ገፋ አደረጉልን። ይህን ቢቺ ሄድ ላይ አላገኘሁትም። አመሻሽ ላይ ፍቅር ሐይቅ ወደሚባለው የሐይቁ ዳር ስንሄድም እንደዚያው ነው። ጥንዶች፣ ቤተሰብ፣ ተማሪዎች፣ ቡና የምታፈላ ሴት። ከተማው በሙሉ ውሃ ዳር የወጣ ይመስላል።

የከነከነኝ በሌላ ቀን ያየሁት ነው። ራቅ ብለን ዳሩን ተከትለን እንሂድ ስንል ግንብ ገጠመን። ዞረን በሩ ጋ ደረስን። ሪዞርት ነው። «ወዴት ነው?» አለ ጥበቃው። መግቢያ ከፍለን ገባን። ከኋላችን የመጡት ወንድና ሴት ተማሪዎች ግን ዋጋውን ጠይቀው፣ እርስ በርስ ተያይተው ተመለሱ። ሐይቁን ሊያዩ ነበር የመጡት።

ማታ ለባለቤቴ አክስት ነገርኳቸው። «ልጄ፣ እኛ እኮ እዚያ ጋ ነበር ልብስ የምናጥበው» አሉኝ። «አሁን በዚያ በኩል ውሃውን የማየው ሰርግ ስጠራ ነው።»

ሆቴል አይሠራ አልልም። ብዙ የሐዋሳ ልጅ እንጀራውን የሚያገኘው ከዚያ ነው፤ እንግዳም የሚመጣው ማረፊያ ስላለ ነው። ግን ሆቴሉ ትንሽ ወደ ኋላ ፈቀቅ ቢል ምን ይጎዳዋል? ክፍሎቹ ሐይቁን ያያሉ፣ በፊታቸው ሰው ይሄዳል። ለሐይቁም ይበጀዋል። የሐዋሳ ሐይቅ በገሃድ የሚወጣ ወንዝ የለውም። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል እንጂ ወደ ውጭ የሚፈስ የለውም። ዝናብ ሲበረታ ይሞላና ዳሩን ይገፋል። ያኔ የሚሰፋበት ቦታ ይፈልጋል።

አዲስ ግንባታ ሲፈቀድ በውሃው በኩል የእግር መንገድ ይተው። የቆሙት ግንቦችም ቢሆኑ በዳሩ በኩል ማሳለፊያ ሊከፈትባቸው ይችላል። ባለቤቴ ከመመለሳችን በፊት የሰፈሯን ሰዎች ሰብስባ ለከተማው አስተዳደር ማመልከቻ ልታስገባ ነው። አክስቷ የመጀመሪያዋ ፈራሚ እኔ ነኝ ብለዋል።