«ፎርማት አድርጊው» ላላችሁኝ ሁሉ

ኧረ እኔስ ዛሬ ተቃጠልኩ! ያው ያ የወንድሜ የጨረታ ሰነድ ነው። ፒዲኤፉን ስከፍተው አማርኛው በሙሉ ሳጥን ሳጥን ሆኗል። ቁጥሩ ብቻ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ማስከበሪያው 50,000 መሆኑ ይነበባል፤ በሲፒኦ ይሁን በባንክ ጋራንቲ ግን ሳጥን! ማስገቢያው ደግሞ ነገ ስድስት ሰዓት ነው።

ስክሪንሾት አንስቼ እዚያ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ በትህትና ጠየቅኩ። «ፎርማት አድርጊው» አለኝ አንዱ። ምኑን? አንድ ፋይል አልነበብ ስላለ ላፕቶፔን ባዶ ላስቀረው? ሌላው «ቫይረስ ነው» አለ። ሌላው «ኢንቦክስ ነይ» አለኝ። ሄድኩ። ፋይሉን እንኳ ሳያይ «500 ብር»!

ከዚያ አድሚኑ መጣ። «እህት ዓለም፣ ይሄ የባለሙያ ግሩፕ ነው። መጀመሪያ ቤዚክ ኮምፒውተር ተማሪ።» ቆይ፣ እኔ እኮ «ፎንቱ ፋይሉ ውስጥ ያልተካተተ ይመስለኛል፣ እንዴት ላረጋግጥ?» ብዬ ነው የጠየቅኩት! ፎንት ማለት የፊደሎቹን ቅርጽ የያዘው ነው። «ፎንት ደግሞ ምን አገናኘው» አለና የሳቅ ኢሞጂ ደረደረ። ተከታዮቹም ሳቁ። ከዚያ ጥያቄዬን አጠፋው። ሳቃቸውን ግን አላጠፋም!

ምን እንዳገናኘው ልንገርህ። ሰነዱን ያዘጋጀው ሰው ፎንቱን አብሮ ካላካተተ፣ ማንበቢያው ሶፍትዌር በሌላ ፎንት ይተካዋል። የተካው ፎንት ግዕዝ ከሌለው ሳጥን ይደረድራል። በቃ ይሄው ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች በጋራ የሚጠቀሙበት የፊደላት መለያ ቁጥር ውስጥ፣ የገባው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1999 ነው። ዛሬም ግን በእንግሊዝኛ ፊደላት ቦታ ላይ ፊደላችንን በሚያስቀምጡ የድሮ ፎንቶች የሚጽፍ መስሪያ ቤት ሞልቷል። ከእነሱ ሰነድ አንድ መስመር ኮፒ አድርጋችሁ ሌላ ቦታ ለጥፉ፤ የሚወጣው ዝባዝንኬ ነው። ባለፈውም ፕሪንት ቤቱ የእማዬን ማመልከቻ በሳጥን አትሞ «ክፈይ» ብሎኛል። ከፈልኩም! እስካሁን ያንገበግበኛል።

አሁን ደክሞኛል። መብራቱ ሄደ መጣ ይላል። ወንድሜ መደወሉን አላቆመም። ጠዋት በሌሊት ተነስቼ ጨረታውን ያወጣው መስሪያ ቤት ሄጄ ሰነዱን በወረቀት ስጡኝ ልላቸው ነው፤ እሱም ማህተም የያዘው ሰውዬ ከገባ።

ሰነድ የምትልኩ ሰዎች፣ እባካችሁ ፎንቱን አካቱ! ፒዲኤፍ ኤ የሚባለው ዓይነት ከ2005 ጀምሮ አለ፤ ፎንት የግድ ይካተትበታል። ወርድ ላይ በፒዲኤፍ ሴቭ ስታደርጉ ምርጫው እዚያው አለ። አንተ አድሚን ደግሞ ጥያቄዬን ወደ ቦታው መልስ። ነገ ሌላ ሰው ይሄው ሳጥን ይገጥመዋል።