ዝናብ ጠብቆ ለሚለቅ

እኛ ሰፈር ሐምሌን የሚናፍቅ ሁለት ዓይነት ሰው አለ። አንዱ ገጠር እርሻ ያለው ነው። ሌላው ሴፍቲ ታንከሩ የሞላበት። የዛሬው ምስጋናዬ ለሁለተኛው ነው።

ጎረቤቴን ጋሼን እንውሰድ። ስማቸው ይቅር፣ ትሑት ሰው ናቸው፤ መልካም ሥራቸውን በጨለማ መሥራት ይወዳሉ። ደመናው በእንጦጦ በኩል ሲጠቁር ጋቢያቸውን ጥለው ቦት ጫማ ያጠልቃሉ። በረዶው ቆርቆሮ መደብደብ ሲጀምርና ሰው ሁሉ በሩን ሲዘጋ፣ ክዳኑን በዲጅኖ ፈንቀል፣ ጎማውን ወደ ጎርፍ መውረጃው ዘርጋ፣ ፓምፑን ቀስቀስ። ጎርፉ ቡናማ ነው፣ የእሳቸውም ቡናማ ነው። ማን ይለየዋል? ከዚያ እጃቸውን በሳሙና ሁለቴ ይታጠባሉ። ለጤናቸው ይጠነቀቃሉ።

አላዋቂ ሰው «ፍሳሽ ማንሻ መኪና ለምን አይጠሩም?» ይላል። መኪና ወረፋ አለው፣ ሂሳብም አለው። ዝናብ ግን ደረሰኝ አይቆርጥም። በነገራችን ላይ ይህን ጉድጓድ «ሴፍቲ» ያለው ሰው ሊቅ ነበር። የማን ሴፍቲ እንደሆነ ብቻ ሳይነግረን ሄደ።

የጋሼን ደግነት ለመረዳት ትንሽ ጂኦግራፊ ያስፈልጋል። እንጦጦ ጫፉ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። አቃቂ ወደ 2,100 ገደማ። ከላይ የተለቀቀ ሁሉ ቀበናን ይዞ ትልቁ አቃቂ ይገባል። በዚያ በኩል ትንሹ አቃቂ የመርካቶን ቆሻሻና የቆዳ ፋብሪካውን ክሮሚየም የሚባል ብረት ተሸክሞ ይወርዳል። ሁለቱም አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይገናኛሉ። እስቲ በዚህ ከተማ ከላይ ወደ ታች ሳይቆራረጥ የሚወርድ ሌላ ነገር ጥሩልኝ። የቧንቧ ውኃ እንኳ በፈረቃ ነው።

ታች ያለው ሰው ደግሞ ስጦታ አይመልስም። ወንዙ ዳር የላስቲክ ቤት አለው፤ ሽታውን በነፃ ያገኛል። ልጆቹ የካልሲ ኳሳቸው ውኃ ውስጥ ሲገባ እስከ ጉልበታቸው ገብተው ያወጡታል። ሲጠግቡት በዚያው እጅ ቆሎ ይበላሉ። ከዚያ ወስፋት ነው፣ ተቅማጥ ነው። ጋሼ ያልከፈሉት የመኪና ሂሳብ ጠፍቶ አልቀረም ማለት ነው። አቃቂ ላይ አንዲት እናት ፋርማሲ መስኮት ላይ ትከፍለዋለች። በችርቻሮ።

ስጦታው ግን ይመለሳል፣ ያውም በሣህን። በወንዙ ዳር ሰላጣው፣ ቆስጣው፣ ጎመኑ በዚያው ውኃ ይለማል። ጋሼ ሰላጣ ይወዳሉ። «ፍሬሽ ነው?» ብለው ሳይጠይቁ አይገዙም። ፍሬሽ ነው፤ ከጓሯቸው ከወጣ ገና ሳምንቱ ነው። በ2008 ክረምት አተት አዲስ አበባ ሲገባ ያ ሁሉ ሰላጣ ከየጠረጴዛው ብድግ አለ። ያኔ ጋሼ በአቸቶ ዘፍዝፈው ተረፉ። ጎመኑን ደግሞ እንቀቅለዋለን፤ ተዋሲያኑ ይሞታል። ክሮሚየሙ ግን መቀቀል አይነካውም፣ ይበልጥ ይበስላል እንጂ።

ወንዞቹን የማስዋብ ሥራ እንዳለ አውቃለሁ። 56 ኪሎ ሜትር፣ 29 ቢሊዮን ብር ተብሎ ነው የተጀመረው። ግንቦት 2011 ላይ ለዚሁ ሲባል የአንድ ሰው እራት 5 ሚሊዮን ብር ተሽጧል። ሰላጣ ቀርቦ ይሁን አይሁን አልሰማሁም። ጋሼም ፕሮጀክቱን ከልብ ይደግፋሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከልጅ ልጃቸው ጋር ወንዝ ዳር ሄደው ፎቶ ይነሳሉ። ውኃው ሲሸታቸው «ይሄ ሕዝብ መቼ ነው የሚሠለጥነው!» ብለው አፍንጫቸውን ይይዛሉ። እኔም አብሬ እይዛለሁ። የእኛም ጉድጓድ ከሞላ ሰንብቷል።

ትናንት ከሰዓት እንደገና ደመነ። ጋሼ ቦት ጫማቸውን አጥልቀው፣ ዲጅኗቸውን ይዘው በረንዳ ላይ ቆሙ። ካፊያ ብቻ ሆኖ ቀረ። ሽቅብ እያዩ በጣም አዘኑ።

«ኧረ ይሄ ዝናብ» አሉኝ፣ «ለገበሬው አይበቃም!»