የተርቦ ጭስ ማውጫ ቢሰበር «ጩኸት ብቻ ነው» ለምትሉ

ወንድሜ «ከተርቦው ጋር ያለው ቱቦ ቢሰበር ጩኸት ነው እንጂ ሞተሩን ምንም አያረገውም፣ በቀይ ሲሊኮን ለጥፈህ ንዳ» ያልከው ልክ አይደለም፣ ሶማሌ ተራም ብትሄድ ይሄንኑ የተሳሳተ ምክር የሚነግርህ አታጣም። ተርቦ ማለት ወደ ሞተሩ አየር አምቆ የሚያስገባው ነው። መጀመሪያ ቱቦው የቱ ጋ ነው የተሰበረው? ከማኒፎልድ (ከሞተሩ የሚወጣውን ጭስ ከሚሰበስበው ብረት) እስከ ተርቦ ባለው ከሆነ ተርቦውን የሚያሽከረክረው እኮ ጭሱ ራሱ ነው፣ በስንጥቁ ካመለጠ ወደ ሞተር የሚገባው አየር ይቀንሳል፣ ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ እየለቀቀ ናፍታ ይጠጣል፣ ጉልበት ግን የለም። ከተርቦ በኋላ ከሆነ እውነት ነው ጉልበቱን ብዙ አይነካም፣ ግን ያ ትኩስ ጭስ የፍሬን ቱቦና ሽቦ ላይ ይተፋል፣ ጋቢናም ይገባል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ደሞ ሽታ የለውም። ሲሊኮኑማ 300 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚችለው፣ ጭነት ላይ ያለ መኪና ጭሱ ከ500 ያልፋል፣ ተቃጥሎ ይረግፋል በቃ።

ቱቦውን ስትቀይር ጋስኬቱን (መገጣጠሚያው መሃል ገብቶ ጭስ እንዳያመልጥ የሚይዘውን) አዲስ አርገው፣ ዝገት የያዘውን ብሎን ከማታው ዘይት አጠጣው አለዚያ ይበጠስብሃል። ሞተሩ የሚያርፍበትን የሞተር ጎማና ቱቦውን የሚይዘውን ብረት ደሞ እይ፣ እነሱ ከላሉ አዲሱም እዛው ቦታ ላይ ነው የሚሰነጠቀው።