የሄሊኮፕተር ሰዎች ወሬ ከለቅሶ ድንኳን ይውጣ

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ የቀድሞ አየር ኃይል ባልደረባ ሲያርፍ ድንኳኑ ጥግ ላይ ለብቻቸው የሚቀመጡ ሽማግሌዎች ታያላችሁ። ከአዲስ አበባ፣ ከደብረ ዘይት፣ አንዳንዴም ከድሬዳዋ ድረስ የመጡ ናቸው። ጦሩ ከፈረሰ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል። እነሱ ግን ዛሬም በማዕረግ ነው የሚጠራሩት፤ «ሻምበል፣ እስቲ ያንን ወንበር ወዲህ በለው» ሲባባሉ ትሰማላችሁ። ትንሽ ቆይተው ስለ ሄሊኮፕተር ያወራሉ። የሟች ልጅ ወይም አንድ ጎረቤት ጠጋ ሲል ወሬው ቀጥ ይላል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ያ ቀጥ ማለቱ ነው። በየለቅሶው አንድ ሰው ይቀንሳል፣ ከሰውየው ጋር ደግሞ ማንም ያልጻፈው ታሪክ አብሮ ይቀበራል። እኛም ድንኳኑን አፍርሰን ወደ ቤታችን።

ስለ አየር ኃይል ሲወራ መጀመሪያ የሚነሳው ጄት ነው። ተገቢ ነው፣ አልቃወምም። ጄኔራል ለገሠ ተፈራን የማያውቅ የለም፤ በሶማሊያው ጦርነት ኤፍ 5 ሲያበሩ ተመትተው 11 ዓመት ሶማሊያ ውስጥ ታስረዋል። የካቲት 26 ሲመጣም ካራማራ ይወሳል። ጅጅጋን ለማስለቀቅ ግዙፎቹ ኤም አይ 6 ሄሊኮፕተሮች ቀላል ብረት ለበስ ተሸክመው ተራራውን መሻገራቸውን ግን ስንቱ ያነሳዋል? ሄሊኮፕተር ሁልጊዜ ከጄቱ ኋላ ነው የሚቆመው። ከሄሊኮፕተሩ ሰዎች መካከል ደግሞ ጭራሽ የተረሳው ቴክኒሻኑ ነው።

ከኤም አይ 6 የሚያንሰውን ኤም አይ 8 ሄሊኮፕተር ሦስት ሰው ነው የሚያበረው። አብራሪው፣ ረዳቱ፣ በሁለቱ መሐል ጌጆቹን እያየ የሚቀመጠው የበረራ ቴክኒሻን። ሶቪየቶች ሲሠሩት 24 ወታደር ወይም 4 ቶን ጭነት ይችላል ብለው ነው። ይኼ ግን ለሜዳ አገር የተባለ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ናት፣ የደላንታና የመቄት ደጋ ደግሞ ከዚያም በላይ ይወጣል። እዚያ ላይ አየሩ ስስ ነው። ሞተሩም ጉልበት ያንሰዋል፣ ላዩ ላይ የሚሽከረከረው ሮተርም የሚገፋው በቂ አየር አያገኝም፣ ከሰዓት ፀሐይ ሲከር ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ጭነት ይቀነሳል። አንዳንዴ ቀጥ ብሎ መነሳት ስለማይችል እንደ አውሮፕላን በጎማው ተንደርድሮ ነው የሚነሳው።

እስቲ አስቡት። ሄሊኮፕተሩ የመጣው ቁስለኛ ሊያነሳ ነው። መሬት ላይ የተኛው ቁስለኛ ማሽኑ ከሚችለው በላይ ነው። ሮተሩ እየዞረ፣ አቧራው እየጨሰ፣ ሁሉም «እኔን! እኔን!» እያለ፣ ነዳጁ ስንት ቀረ፣ ስንት ሰው ቢጫን ያንን ገደል ይሻገራል የሚለውን አስልቶ ለአብራሪው የሚናገረው ያ ቴክኒሻን ነው። እጁን አንስቶ «በቃ» የሚለውም እሱ። ከዚያ በሩ ይዘጋል።

አንድ የማውቃቸው አባት አሉ፤ ስማቸውን አልጠራም። ስለ ተኩሱ ስጠይቃቸው እየሳቁ ነው የሚመልሱልኝ፣ እንደ ቀልድ። ስለ በሩ ስጠይቃቸው ግን «ተወው ልጄ» አሉኝና ዝም አሉ። በኋላ ሲነግሩኝ፣ አብረዋቸው ይበር የነበረው አብራሪ እስካሁን በየበዓሉ ይደውልላቸዋል፤ ፋሲካም ሆነ ዒድ አያልፈውም። ምን ታወራላችሁ አልኳቸው። «ምንም። ደህና ነህ? ደህና ነኝ። አብሽር። ይኸው ነው።»

የእነዚህ ሰዎች ፍቅር ምሥጢሩ ጀግንነት አይመስለኝም። ያንን በር አብረው የዘጉ መሆናቸው ነው። ከሚስትም ከልጅም ጋር ቢወራ ማብራሪያ ይፈልጋል፣ «ታዲያ ለምን ተውከው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ከጓድ ጋር ጥያቄ የለም።

ሌላው ምክንያት እኛ ነን። በግንቦት 1983 ደርግ ሲወድቅ አንዳንዱ ሄሊኮፕተሩን ይዞ ጅቡቲ ገባ፣ የቀረው ከሌላው ሠራዊት ጋር እንደ ቶላይ ወዳሉ ካምፖች ተላከ፣ ከዚያ ተበተነ። የሞተር ሰው የነበረው ጋራዥ ገባ፣ ብየዳ ቤት ገባ፣ ሚኒባስ ነዳ። «የደርግ ወታደር» የሚለው ስም ደግሞ ቤት ለመከራየትም ሥራ ለመጠየቅም አይመችም ነበር። ሰው ስለሚያፍርበት ነገር አያወራም። ወይም የሚያወራው ከመሰሉ ጋር ብቻ ነው። እንዲህ ሲሆን ለቅሶው ማኅበራቸው ሆነ፣ ዕድሩም ጽሕፈት ቤታቸው።

የሌላውን አገር ስታዩ ቅናት ይይዛችኋል። አሜሪካኖች በቬትናም ጦርነት ወደ 12,000 ሄሊኮፕተር አሰልፈው ወደ 5,000 አጥተዋል። የአብራሪዎቹ ማኅበር የየሄሊኮፕተሩን ቁጥር ሳይቀር መዝግቦ ይዟል። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ አርሊንግተን መቃብር ውስጥ መታሰቢያ ድንጋይ ቆመላቸው፣ ለአብራሪ ብቻ ሳይሆን በሩ ላይ ለተቀመጠው ተኳሽና ለመካኒኩም ጭምር።

ሩቅ ከሆነባችሁ እዚሁ እንምጣ። በ77ቱ ረሃብ ጊዜ ሶቪየቶች ሄሊኮፕተርና አንቶኖቭ የጭነት አውሮፕላን ይዘው መጡ። የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩለስ የጭነት አውሮፕላኖች ጆንያ እህል ከዝቅታ ላይ ደጋው ላይ ሲጥሉ፣ የፖላንድ ኤም አይ 8ዎች መጣያ ሜዳውን ለማዘጋጀት ሰው ያመላልሱ ነበር። ዓለም በምሥራቅና በምዕራብ ተፋጦ እነዚያ ሰዎች አንድ ሜዳ ላይ ተስማምተው ይሠሩ ነበር። የፖላንዶቹም የእንግሊዞቹም ትዝታ በየአገራቸው ተጽፏል። ባቲና ኮረም ላይ ያለቀው የእኛ ሰው ነው፣ የእኛ አብራሪዎችና ቴክኒሻኖች ትዝታ ግን ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ነው ያለው።

እዚህ ላይ «ታዲያ ቦምብ የጣሉት ሰዎች ይወደሱ ነው የምትለው?» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። ሰኔ 1980 ሐውዜን ገበያ ላይ ሚግ ጄትም ሄሊኮፕተርም ወርዶበታል፣ የሞተው ሰው በመቶዎች ሳይሆን ከሺህ በላይ ነው የሚቆጠረው። ይህንን የዘለለ የሄሊኮፕተር ትዝታ ግማሽ ነው፣ ግማሹን ብቻ የሚነግረኝ ሰው ደግሞ አያሳምነኝም። እንዲያውም መቅዳት ያለብን ለዚህ ነው። ማወደስ ሌላ፣ መጠየቅ ሌላ። ያዘዘው ማን ነበር፣ እናንተ ምን ታዩ ነበር፣ እምቢ ያለ ነበር ወይ? ይህንን መመለስ የሚችሉት በሕይወት ያሉ ናቸው።

ደግሞ ሄሊኮፕተር ዝቅ ብሎ ነው የሚበረው። ሰውየው የታችኛውን ሰው ያያል፣ የሚሮጥ ልጅ ያያል፣ ከብቱን ጥሎ የሚተኛ እረኛ ያያል። ያየ ሰው ሊጠየቅ ይችላል። አሁን ሰማያችን ላይ የሚያንዣብበው ድሮን ውስጥ ግን የተቀመጠ ሰው የለም። ከ30 ዓመት በኋላ የዚህን ዘመን ማንን እንደምንጠይቅ እንጃ።

የምለው እንግዲህ ይኸው ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ደሴና ኮምቦልቻ አለ፣ የታሪክ ተማሪም አለው። ተማሪዎቹ ድምፅ መቅጃ ይዘው ይውጡ። አብራሪውን ብቻ ሳይሆን ቴክኒሻኑን፣ ጫኙን፣ ነዳጅ ቀጂውን ያናግሩ። ከታች የነበረውንም አይርሱ፤ እህል ሲወርድለት እጁን የዘረጋውን ገበሬም፣ ያው ድምፅ ሲመጣ ዋሻ የገባችውን እናትም። ይቻላል ከተባለ ሁለቱን ወገን አንድ ቤት ማስቀመጥ ነው፣ ቡና ተፈልቶ። ወሎ ውስጥ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንድ ዱዓ ላይ ይቀመጥ የለ፣ እነዚህ የማይቀመጡበት ምክንያት የለም። መጣላትም ካለ ይጣሉ፣ ይቀዳ።

ዕቃና ወረቀት ይጠብቀዋል እንዳትሉኝ ብቻ። የደሴ ሙዚየም በ2014 ጦርነት ተዘርፏል፤ ዕቃ እንዴት እንደሚሄድ አይተናል።

ዩኒቨርሲቲው እስኪነሳ ደግሞ ቤቱ ውስጥ እንዲህ ያለ አባት ያለው ሰው ስልኩን አውጥቶ ይጀምር። ስለ ጦርነቱ አይጠይቃቸው፣ ያንን ይሸሻሉ። አብሯቸው ይበር የነበረው ማን እንደሆነ፣ ጭነት የሚቀንሰው ማን እንደነበር፣ ከየት ተነስተው የት ያርፉ እንደነበር ይጠይቅ። ከዚያ ዝም ብሎ ይስማ፣ አያቋርጥ። ጓዳቸው በሕይወት ካለ ደግሞ ስልኩን ይደውልና ላውድ ላይ ያድርግላቸው፤ ሁለቱ ሲሆኑ ይበልጥ ያወራሉ።