የሞተር ወንበር በአውራ ጣት አይመረጥም

ለሞተራቸው ምትክ ወንበር ሊገዙ የሚሄዱ ሰዎች መጀመሪያ የሚያደርጉት አንድ ነገር ነው። በአውራ ጣታቸው ጫን ያደርጉታል። ስፖንጁ ስምጥ ካለ ፊታቸው ይፈካል፣ «ይሄ ይመቻል» ይላሉ። እኔም የመጀመሪያውን ምትክ ወንበር የገዛሁት እንዲሁ ተጭኜ ነው። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት አልጋ ላይ የተቀመጥኩ ያህል ነበር። በሦስተኛው ሰዓት ከሞተሩ ስወርድ ግን ቀኝ እግሬ ደንዝዞ መሬቱን መርገጤንም አላወቅሁም። ይህ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሐሳቡ ሁሉ ሕመሙ ላይ የሆነ ነጂ መንገዱን በደንብ አያይም።

ስለዚህ ለረጅም መንገድ ወንበር ስንመርጥ ልስላሴ መፈለጋችንን ብናቆም ይሻላል። ቅርጹና ስፋቱ ይቅደም። የስፖንጁ ነገር ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ስንቀመጥ ክብደታችንን የሚሸከሙት ከዳሌያችን ሥር ያሉ ሁለት አጥንቶች ናቸው። ጠንካራ ወንበር ላይ ሆናችሁ እጃችሁን ከሥራችሁ አስገብታችሁ ወዲህ ወዲያ ብትሉ ታገኟቸዋላችሁ። ሸክሙ የእነሱ ነው። በመካከላቸው ያለው ለስላሳ ሥጋ፣ በዚያ የሚያልፉት ነርቮችና የደም ሥሮች፣ ከኋላ ያለው የጭራ አጥንት ግን ይህን ሸክም አይችሉም። በጣም ለስላሳ የሆነ ስፖንጅ ላይ ስትቀመጡ ሁለቱ አጥንቶች ሰምጠው ይገባሉ። በዙሪያቸው ያለው ስፖንጅ ደግሞ ለስላሳውን ሥጋ ከታች ይጫነዋል። ደሙ እንደ ልብ አይዘዋወርም፣ ነርቩ ይጨፈለቃል፣ መደንዘዙ ይመጣል። ሰዓቱ እየገፋ ሲሄድ ስፖንጁ ጭራሽ ጠፍጠፍ ብሎ ይተኛል። ያን ጊዜ የተቀመጣችሁት ከሥር ባለው ፕላስቲክ ላይ ነው።

ከፋብሪካ የሚወጣው ወንበር ብዙ ሰው የማይመቸው ባለሙያ ጠፍቶ አይደለም። አምራቹ 55 ኪሎ የሚመዝነውንም 110 ኪሎ የሚመዝነውንም በአንድ ስፖንጅ ማስቀመጥ አለበት። ወጪውን፣ የሞተሩን መልክ፣ የአጭር ሰው እግር መሬት መድረሱን ሁሉ አብሮ ያስባል። ገዢው ደግሞ መሸጫው ውስጥ የሚቀመጥበት ለሁለት ደቂቃ ነው። ለሁለት ደቂቃ የሚመችና ለስድስት ሰዓት የሚመች ወንበር ለየቅል ናቸው።

ስፋቱን ለማወቅ የብስክሌት ሰዎች የሚጠቀሙበት ቀላል ዘዴ አለ። ጠንካራ ወንበር ላይ ካርቶን አድርጉ። ቀጭን ልብስ ለብሳችሁ፣ ጉልበታችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንድ ደቂቃ ያህል ተቀመጡበት። ስትነሡ ካርቶኑ ላይ ሁለት ጎድጎድ ያሉ ምልክቶች ታያላችሁ። ከአንዱ መሃል እስከ ሌላው መሃል ለኩ። የሴቶች ልክ በአማካይ ከወንዶች ይሰፋል። የወንበሩ የኋላ ክፍል፣ ማለትም በትክክል የምትቀመጡበት ቦታ፣ ከዚህ ልክ በግራም በቀኝም በደንብ መትረፍ አለበት። አጥንቱ የወንበሩ ጠርዝ ላይ ካረፈ የትኛውም ስፖንጅ አያድናችሁም። ወደ ፊት ግን ወንበሩ መጥበብ አለበት። ከፊት ሰፊ ከሆነ ጭናችሁን ከፍቶ ይይዛል፣ እግራችሁም መሬት አይደርስም።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው የወንበሩን ተዳፋትነት ነው። ብዙ ወንበሮች ወደ ቤንዚን ታንኩ ያዘነበሉ ናቸው። ፍሬን በያዛችሁ ቁጥር ወደ ፊት ትንሸራተታላችሁ። ብሽሽታችሁ ታንኩ ላይ ይጫናል፣ እናንተም ሳታውቁት በክንዳችሁ ራሳችሁን ወደ ኋላ ስትገፉ ትውላላችሁ። ማታ ላይ አንጓችሁና ትከሻችሁ ያማችኋል፣ ጥፋቱንም መሪው ላይ ታደርጉታላችሁ። መሪ ሲያስቀይር ኖሮ በመጨረሻ ችግሩ ወንበሩ ሆኖ ያገኘው ሰው አውቃለሁ። ሞተሩን ደልዳላ ቦታ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ። የምትቀመጡበት ቦታ ላይ አጭር ጣውላ አድርጉና ውሃ ልክ አስቀምጡበት። ወደ ፊት ያጋደለ ከሆነ በሽታውን አገኛችሁት።

ቁመቱም እንዲሁ ነው። ወንበሩ ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲሜትር ከፍ ሲል ጉልበት ዘርጋ ይላል፣ ረጅም እግር ላለው ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። እግሬ መሬት አይደርስም ብሎ ስፖንጁን ማስጠረብ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ጉልበት የበለጠ ይታጠፋል፣ የቀረው ቀጭን ስፖንጅም ቶሎ ይተኛል። ይህን አውቃችሁ ከወሰናችሁ ችግር የለውም። ሳያውቁ የሚያስጠርቡት ያሳዝኑኛል።

አሁን ወደ ስፖንጁ። ሻጮች «ዴንሲቲው ከፍተኛ ነው» ሲሉ ገዢው ጠንካራ ነው ብሎ ይሰማል። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ዴንሲቲ በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ስንት ኪሎ ቁስ እንዳለ ነው የሚናገረው። ከምንም በላይ የሚያሳየው ስፖንጁ ስንት ዘመን እንደሚቆይ ነው። ጥንካሬው የሚለካው ለብቻው ነው። ስፖንጁን ከውፍረቱ 25 በመቶ ወደ ውስጥ ለማስገባት ምን ያህል ጉልበት ይፈልጋል ተብሎ ይፈተሻል። ስለዚህ ዴንሲቲው ከፍ ያለ ሆኖ ለስላሳ የሆነ ስፖንጅ አለ። ሁለቱንም ጠይቁ። ከባድ ሰው ጠንከር ያለውን ይምረጥ።

ሜሞሪ ፎም የሚባለው፣ ሲጫኑት የሰውን ቅርጽ የሚይዘው ስፖንጅ፣ በ1966 በናሳ የምርምር ማዕከል ለአውሮፕላን መቀመጫ የተሠራ ነገር ነው። ሲሞቅ ይላላል፣ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል። ብርድ ላይ ለሚነዳ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከላይ እንደ ስስ ድርብ ሆኖ ሲገባ ጥሩ ነው፣ ወንበሩን ሙሉ ከእሱ መሥራት ግን አልወድም። ጄል የሚባለው ዝልግልግ ነገርም ጫናን ያከፋፍላል፣ ፀሐይ ላይ ከዋለ ግን ሙቀቱን ይዞ ያቃጥላል። ሞተራችሁ ጥላ ከሌለበት ቦታ የምትቆም ከሆነ አስቡበት። በአየር የሚሞላው ትራስ መነሻው ለረጅም ሰዓት ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ለሚቀመጡ ሕሙማን የተሠራው ነው፣ ቁስል እንዳይወጣባቸው። ብዙ ሰው ጢም አድርጎ ይነፋውና እንደ ኳስ ያንከባልለኛል ብሎ ይጥለዋል። አየሩን ቀንሱ። አጥንታችሁ ከወንበሩ ለጥቂት ከፍ ካለ ይበቃል። አጎዛም ቢሆን አትናቁት። ጫናውን ያን ያህል አይቀንስም፣ ግን አየር ያስገባል፣ ላብ እንዳይጠራቀም ያደርጋል።

የረጅም መንገድ ነጂዎች ምን እንደሚመርጡ ማየትም ያስተምራል። አይረን በት የሚባለው የነጂዎች ማኅበር የመጀመሪያ ፈተናው በ24 ሰዓት 1,000 ማይል፣ ማለትም 1,609 ኪሎ ሜትር መንዳት ነው። ፈተናው ሳድልሶር ይባላል፣ ኮርቻ ያመጣው ቁስል እንደ ማለት። በእንዲህ ዓይነት ነጂዎች ዘንድ ስሙ የሚነሣው የራስል ዴይ ሎንግ ወንበር በጎንና በጎን እንደ ክንፍ ወጥቶ ጭንን ከሥር ይደግፋል። የኮርቢን የቆዳ ወንበር ደግሞ ሲገዛ ደረቅ ነው፣ ብዙ ኪሎ ሜትር ተነድቶ ነው ከሰው ጋር የሚላመደው። ሁለቱም በጣት ቢጫኑ «ይመቻሉ» የሚባሉ አይደሉም።

እኔ ግን ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። የውስጥ ልብሳችሁን ስፌት እዩ። አጥንቱ ላይ የሚያርፍ ወፍራም ስፌት በሁለት ሰዓት ውስጥ ቆዳ ይልጣል። የኋላው አሞርዛተር ሞላም ለክብደታችሁ የተስተካከለ መሆኑን አረጋግጡ። ጉድጓዱን መቻል ያለበት እሱ ነው፣ ወንበሩ አይደለም።

ከዚያ በኋላም አዲስ ወንበር መግዛት ግድ አይደለም። የፋብሪካውን ወንበር ጥሩ ወንበር አልባሽ ጋር ወስዶ ስፖንጁን ማስቀየር ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው እላለሁ። ከሥር ያለው ፕላስቲክ፣ መንጠቆውና ቁልፉ በልኩ እንዳለ ይቀራል። ለባለሙያው ክብደታችሁን፣ ቁመታችሁን፣ የት ቦታ በስንተኛው ሰዓት እንደሚያማችሁ ንገሩት። ሞተሩ ላይ ተቀምጣችሁ ከጎን የተነሣ ፎቶም ስጡት። ሽፋኑን ከበሮ እስኪመስል እንዳይወጥረው አደራ በሉት። በጣም የተወጠረ ሽፋን የስፖንጁን ሥራ ያስቀራል። ስፌቱም ከምትቀመጡበት ቦታ ይራቅ፣ ዝናብ የሚገባው በመርፌው ቀዳዳ ነው። ከኋላችሁ የሚቀመጥ ሰው ካለ እሱንም ይዛችሁ ሂዱ፣ የእሱ አጥንት ልክ ሌላ ነው።

ወንበሩ ሲገጠም ወዲያው አትፍረዱ። ቢያንስ ሁለት ሰዓት የሚወስድ መንገድ ሂዱበት፣ በየሰዓቱ ወርዳችሁ ተንጠራሩ፣ የት እንደሚያማችሁም ጻፉ። ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜም እንዲሁ አድርጉ። ያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት ካመማችሁ ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ አልባሹ ተመለሱ፣ ጠርቦ ወይም ጨምሮ ያስተካክለዋል። አዲስ ከገዛችሁም የድሮውን ወንበር አትጣሉት። ሞተሩን የምትሸጡ ቀን ገዢው ይጠይቃችኋል።